በስም የተመደበ ምሳ

ሣራ ላጲሶን በድምፅዋ የማያውቅ የቦሌ ቢሮ ጥቂት ነው። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባለው በወይዘሮ ትብለጽ ተወልደብርሃን ወጥ ቤት የምሳ ትእዛዝ የምትቀበለው እሷ ናት። ስልኩ ሳይጮህ ማን እንደሚደውል ታውቃለች፣ «ሚጥሚጣው ይቀነስልኝ» የሚለውንም ገና ከ«ሃሎ» አባባሉ ትለየዋለች ብለው የወጥ ቤቱ ሰዎች ያሟታል። ሐሜቱ ትንሽ ቢጋነንም ሣራ አታስተባብለውም። ሠርቶ የሚኮራ ሰው ለዓይንም ደስ ይላል፤ የሚያስቸግረው ሳይሠራ የሚኮራው ነው።

የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከባሏና ከሴት ልጇ ጋር ነው። ከዚያ ቦሌ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለውም እንጂ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ መገናኛ ላይ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ሌላው ሰው መንገዱን ሲራገም ሣራ መስኮት ተደግፋ የዕለቱን ትእዛዝ በሐሳቧ ትደረድራለች።

ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ የመጣችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷንና የአባቷን ምርቃት ይዛ ነው። አባቷ አቶ ላጲሶ እንሰት የሚያለሙ፣ የተጣላ ሲኖር ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው። መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስሜን አስጠሪልኝ።»

ወይዘሮ ትብለጽ ቤት ስትቀጠር ሥራዋ የምሳ እቃ መክደን ነበር። ሽሮው እንዳይፈስ፣ ሰላጣው ከትኩስ ወጥ ጋር እንዳይነካካ አድርጋ ትከድናለች። ማታ ማታ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተርና ሒሳብ ተማረች። አንድ ቀን ስልክ ተቀባይዋ ስትቀር ሣራ ለአንድ ጠዋት ተተካች፤ ያ ጠዋት ዓመታት ሆነ። ወይዘሮ ትብለጽ ሰው ፊት ሲያሞግሱ የሚታወቁ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ስልኩን ከእሷ በቀር ማንም እንዲያነሳው አይፈልጉም ነበር። ሣራም ይህን እንደ ሹመት ትቆጥረው ነበር፤ ልክ ነበረች።

ዘመን ሲቀየር ግን ስልኩም ዝም እያለ መጣ። ቢሮዎቹ «ሜኑውን በኢሜይል ላኩልን፣ መርጠን እንመልሳለን» ማለት ጀመሩ። ወይዘሮ ትብለጽ የእህታቸውን ልጅ ኪዱን ጠሩት። ኪዱ ገርጂ ላይ የማስታወቂያ ቢሮ ያለው፣ ትሑትና ጎበዝ ልጅ ነው፤ የኢሜይል መላኪያውን ሶፍትዌር ገዝቶ ከጫነ በኋላ ከፈለጉ ሥራውን ሙሉ በሙሉ እሱ ሊይዘው እንደሚችል ለአክስቱ ነገራቸው። ሣራ ይህን ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። ስልኩ ዝም ካለና ኢሜይሉ ለኪዱ ከተሰጠ ለእሷ የሚተርፋት ወንበር የለም፤ ተመልሳ ክዳን መክደን ነው። መክደን ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን የወጡበትን ደረጃ መልሶ መውረድ ያማል። ሄዳ አሠሪዋን ለመነች፤ ደንበኞቹን የማውቃቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ልሞክረው አለች።

ወይዘሮ ትብለጽ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። እስከ ፋሲካ ድረስ እንድትሞክረው፣ ካልሆነ ግን ለኪዱ እንደሚሰጡት ነገሯት።

ኪዱ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ራሱ አስተማራት። የሥራው ቁም ነገር፣ አላት፣ መላኩ ላይ ሳይሆን ከመላኩ በፊት ነው። ደንበኞቹን አስቀድሞ በየግሩፑ መመደብና ለየግሩፑ ስም መስጠት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የግሩፑን ስም መርጦ መላክ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በትክክል የተመደበ ዓመት ሙሉ ያገለግላል፤ በስሕተት የተመደበም እንዲሁ ዓመት ሙሉ ያሳፍራል።

«ማሽኑ አይጠራጠርም» አላት ሊሄድ ሲነሳ። «አንቺ ያልሽውን ያምናል።»

ሁዳዴ እየደረሰ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ወጥ ቤት ከሁዳዴ የሚበልጥ ፈተና የለም፤ ግማሹ ደንበኛ ለሁለት ወር ያህል ከሥጋና ከቅቤ ይለያል፣ ግማሹ እንደወትሮው ይበላል። ሣራ ሁለት ግሩፕ ከፈተች፤ አንዱን «የጾም»፣ ሌላውን «የፍስክ» አለችው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በስልክ የምታውቃቸው በየቢሮው ለሁሉም የሚያዙትን ጸሐፊዎች ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ አድራሻ ተመዝግቧል፣ ከአድራሻው አጠገብ ያለው ስም ብቻ ነው። ስም ደግሞ በዚህ ከተማ የማይነግረን ምን አለ? ገና ሲጠራ አገሩንም ሃይማኖቱንም ገመትን እንላለን፤ ገምተንም አናበቃም፣ እንፈርዳለን።

ሣራም እንደ ከተማዋ አደረገች። ገብረሃንስ የሚለውን ስታይ ዓይኗን አላሸችም፤ የጾም። ሀሩን፣ የፍስክ። ናዲያ፣ የፍስክ። ሊባን የሚለው ላይ ትንሽ ቆም አለችና እሱንም የፍስክ ውስጥ ከተተችው። ሥራው እንደ ምስር ለቀማ ቀለላት። ከሰዓቱ ሳይመሽ ጨርሳ ወንበሯ ላይ ለጠጥ አለችና ሁለቱን ግሩፖች እያየች በራሷ ኮራች። ኩራቱ ግን ገና አልበሰለም ነበር።

የላኪ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ «ሣራ ኤል» ብላ ጻፈች። ሙሉ ስሟን መጻፍ ከተወች ቆይታለች። አዲስ ተጋቢ ሳለች ሲኤምሲ አካባቢ የሚከራይ ክፍል አግኝተው ነበር፤ ባለቤቲቱ ስትስቅ ስትጫወት ቆይታ ውል ለመጻፍ ስሟን ስትጠይቃት ሣራ ላጲሶ አለች። ሴትየዋ ብዕሩን አስቀመጠችና «ጴንጤ ናችሁ?» አለች። በማግስቱ ክፍሉ ለዘመድ ተሰጠ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሣራ የአባቷን ስም በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ትጠቀልለዋለች። ለማንም አልተናገረችውም፤ ለአባቷማ ከቶ።

በሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም መልእክት ላከች። ለጾሙ ግሩፕ የእንኳን አደረሳችሁ ቃልና የጾም ሜኑ፤ ለፍስኩ ደግሞ «ጾሙ ለማይመለከታችሁ ደንበኞቻችን ጥብሱም ክትፎውም እንደወትሮው አለ» የሚል። ዐረፍተ ነገሩን ስትጽፈው አምሮባት ነበር።

መልሱ ከምሳ በፊት መጣ። መጀመሪያ የደወሉት አቶ ገብረሃንስ ናቸው፤ ጥብሳቸውን ማን እንደከለከላቸው ጠየቁ። ስማቸው የአያት ውርስ ነው እንጂ እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ይህንንም እየሳቁ ነገሯት። ናዲያ ጻፈች፤ እሷ ሙስሊም እንደመሆኗ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አትበላም፣ ከዚህ ወጥ ቤት ስታዝ የኖረችው ሁልጊዜም የጾሙን ነው፤ ታዲያ ክትፎ መጋበዙ ምን ይባላል? ሣራ ይህን ስታነብ ግንባሯን መታች። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ «ፍስክ» ብላ ስትከታት ግን ትዝ አላላትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሣራ ያፈሰሰችው ግን እህል አልነበረም።

የመጨረሻው መልስ የሊባን ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ። «ስሜን አይታችሁ ነው?»

ሣራ ክው አለች። ያችን የሲኤምሲ ሴትዮ፣ ብዕሩን ያስቀመጠችበትን ጠረጴዛ፣ ሁሉንም አስታወሳት።

ወይዘሮ ትብለጽ ሲሰሙ አልጮሁም፤ አለመጮሃቸው ይብሳል። ይህን ስም ያቆምኩት በሰው ፊት አጎንብሼ ነው አሉ፤ ደንበኛዬን በሬን ከፍቶ ሲገባ «አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ» ብዬ ለይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ የኪዱን ቁጥር ሊደውሉ ስልካቸውን አነሱ። ሣራ እስከ ዓርብ ብቻ ጊዜ እንዲሰጧት ጠየቀች። ስልኩ በእጃቸው እንዳለ ጥቂት አሰቡና መልሰው አስቀመጡት።

በማግስቱ የሊባን ቢሮ ያለበትን የገርጂን ምሳ ሞተረኛው እንዳይወስደው አድርጋ ራሷ ይዛ ሄደች። ሊባን ባለ መነጽር፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ አገኛት። ራሷን አስተዋውቃ ይቅርታ ጠየቀች። እሱም አልተቆጣም፤ ተቀመጠና ነገራት። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ አያቱም ሊባን ነበሩ፣ ደጉ ሊባን እየተባሉ በአርሲ የሚታወቁ። እሱ ግን በክርስትና ያደገ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነው፤ ሁዳዴን አሳ እንኳ ሳይቀምስ ነው የሚያሳልፈው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሙን የሚሰሙ ሰዎች መቼ ተጠመቅክ ይሉታል። አሁን ደግሞ ምሳ የሚያዝበት ቤት ጾሙ አይመለከትህም አለው።

ሣራ ዝም ብላ ብትወጣ ይቅርታዋ ይበቃ ነበር። ግን አላስቻላትም፤ ለማንም ያልተናገረችውን የቤት ኪራዩን ታሪክ ነገረችው፣ ስሟንም ቆርጣ እንደምትጽፍ ጭምር።

ሊባን መነጽሩን አስተካክሎ ትክ ብሎ አያት። «ታዲያ ሕመሙን እያወቅሽው ለምን እንደነሱ አደረግሽኝ?» አላት።

«ቸኮልኩ» አለች ሣራ። «ደግሞም ቀለለኝ።»

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አለ ሊባን። ምሳውን ተቀብሏት ገባ።

ከገርጂ እስከ ቦሌ ድረስ ታክሲ ውስጥ ይህችን ቃል ስታመላልስ ሄደች። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልን ልጅ እናሳድጋለን፤ ስናድግ ግን መጠየቅ ነውር ይሆንና መገመት እውቀት ይሆናል። ወጥ ቤት ስትደርስ ሐሳቧን ይዛ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ትብለጽ ገባች። ሁለቱንም ግሩፕ ማፍረስና ደንበኞቹን ራሳቸውን መጠየቅ ትፈልጋለች። ወይዘሮ ትብለጽ ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንስ ጨርሰሽ ልታጠፊኝ ነው? በዚህ ጊዜ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ይጠየቃል?»

«ስለ ሃይማኖታቸው አይደለም እትዬ» አለች ሣራ። «ስለ ምሳቸው ነው።»

ወይዘሮ ትብለጽ ወንበር ገፋ አደረጉላት። ሣራም እዚያው ፊታቸው ተቀምጣ ጻፈች። በቅድሚያ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ደንበኞቿን በስማቸው ገምታ እንደመደበችና እንዳፈረች ገለጸች። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ብቻ አስከተለች፤ በየትኛው ቀን ምን እንላክልዎ? ከሥሩ የሚመረጡትን አሰፈረች፤ ሁልጊዜ የጾም፣ በአጽዋማት ብቻ የጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ፣ ሁልጊዜ የፍስክ። መጨረሻ ላይ ማንም የራሱን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ተወች። ወይዘሮ ትብለጽ ከጀርባዋ ቆመው አነበቡትና «አፈርኩ» የሚለውን ቃል ልታጠፋው ትችል እንደሆነ ጠየቁ። ሣራ ይቆይ አለች።

ረቡዕ ዝም አለ፤ ጥቂት ሰው ብቻ መለሰ። ሣራ ሥራ ላይ ነኝ ለማለት ያህል ጠረጴዛዋን ስትወለውል ዋለች። ሐሙስ ግን ጉድ ፈላ። መልሱ እንደ ክረምት ውሃ ገባ፤ ሰው ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው። አንዱ ጨጓራው ስለሚያመው የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል፣ ሰው እንዳያየው ግን የፍስኩ ምግብ ተሸፍኖ ይምጣለት። ሌላዋ አሳ ትበላለች፣ ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደግሞ አሳ በሁዳዴ የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም፤ ሁለቱም በየፊናቸው ሣራ እንድትፈርድ ጻፉላት፤ ሣራ አልፈረደችም። አቶ ገብረሃንስ ጥብሳቸውን አስመልሰው ዓርብ ዓርብ ግን በየዓይነቱ ይሁንልኝ አሉ፤ ጾም ሆኖ አይደለም፣ ይወዱታል። ሀሩን ደግሞ ቅመም አይነካም።

ከሁሉም ሣራን የያዛት የናዲያ መልስ ነበር። ባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ በቢሯችን ጾመኛውም፣ ጴንጤውም፣ እኔም በአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ሥጋ ከመጣ ትሪው ለሦስት ይከፈላል፣ ስለዚህ ለእኛ ሁልጊዜ ሁላችንም እጃችንን የምንሰድበትን ላኪልን። ከዚህ በኋላ ከሌሎች ቢሮዎችም ያንኑ የሚመስል ሲመጣ ሣራ አዲስ ግሩፕ ከፈተች፤ «የጋራ ትሪ» አለችው። ኪዱ ያላስተማራት፣ በየትኛውም አገር ሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅቶ የማይገኝ ግሩፕ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፤ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ማንም ወንበሩን ይዞ የማይሸሽበት።

ዓርብ ጠዋት አዲሶቹ ግሩፖች ተሰልፈው ቆሙ። የጋራ ትሪው በቁጥር ከሁሉም በልጦ ነበር። ሊባን ሁልጊዜ የጾም ከሚሉት ጋር ነው፤ ከጎኑ ማንም ያልገመታቸው ስሞች ተቀምጠዋል፣ የፍስኩ ውስጥ ደግሞ ወልደ እና ገብረ የሚሉ ሞልተዋል። ሣራ ዝርዝሩን ወደ ታች እየወረደች አየችው። ኮራች። የሰኞውን ዓይነት ኩራት አይደለም፤ ይኼኛው እያንዳንዱን ሰው ጠይቃ ያገኘችው ነው፣ ማንም ሊነጥቃት አይችልም።

ሁዳዴ ሙሉ ሥራው እንደዚያው ሄደ። ኪዱ አንድ ቀን መጥቶ ሲያይ ሳቀና፣ አክስቴ፣ እኔ ብይዘው ኖሮ እንደዚህ አልጠይቅም ነበር፣ ለሷ ተዉላት አለ። ወይዘሮ ትብለጽ አልመለሱለትም።

የመለሱት በሰሙነ ሕማማት ነው። ሣራ ለፋሲካ ምሳ የሚላከውን መልእክት አዘጋጅታ ልታሳያቸው ጠራቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን ከላይ፣ የላኪው ስም ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ኤል ምንድን ናት?» አሉ።

ሣራ ለሊባን የነገረችውን ደገመችላቸው። ወይዘሮ ትብለጽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ የማያወሩ ሰው ናቸው፤ ሲያወሩም ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«እኔም በክፉው ጊዜ ስሜን መጥራት ፈርቼ ነበር» አሉ። «ትብለጽ ቲ ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ሰልፍ ላይ፣ ስሜ ሲጠራ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር። ግን ተወልደብርሃን አባቴ ነው፤ የት ላስቀምጠው? አልቆረጥኩትም። አንቺም አትቁረጪው። ከዛሬ ጀምሮ ደንበኞቼን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ማን እንደያዛቸው ይወቁ።»

ብድግ ብለው ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ። ሣራ ብቻዋን ቀረች። እንባዋ መጣ፤ አላገደችውም። የላኪው ስም ያለበትን ቦታ ከፈተች፣ ያቺን አንድ ፊደል አጠፋችና በምትኩ ላጲሶ ብላ ሞላችው። ግሩፖቹን አንድ በአንድ መርጣ ላከች።

የመጀመሪያው መልስ ሳይዘገይ ደረሰ። ከገርጂ ነበር። «አብሮ ያድርሰን፣ ሣራ ላጲሶ» ይላል። ከታች ሊባን ለፋሲካ ለመላው ቤተሰቡ ምሳ አዟል።

ሣራ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ወጣችና ሆሳዕና ደወለች። አባቷ የሠርክ ጸሎታቸውን ጨርሰው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ይቸግራል፤ ኢሜይል፣ ግሩፕ፣ ሁዳዴ። አሳጥራ፣ ዛሬ ስምህ ቦሌ ውስጥ በየቢሮው ሲነበብ ዋለ አለቻቸው።

«ለክፉ ነው ለደግ?» አሉ አቶ ላጲሶ።

«ለደግ ነው አባዬ» አለች ሣራ። «ምሳ ጋብዘህ ነው።»